ዶሮው አንድ፣ ጩኸቱ ብዙ

«ዶሮ በየአገሩ የሚጮኸው ለየብቻ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላስረዳ። አይደለም። ጩኸቱ ያው ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ግን የሰማውን የሚቀዳው በራሱ ድምፆች ነው። የእኛ ዶሮ «ኩኩሉ» ይላል (በድብብቆሽ «አልነጋም» የምንለው ለዚሁ ነበር)፤ የፈረንሳዩ «ኮኮሪኮ»፣ የጀርመኑ «ኪኬሪኪ»፣ የጃፓኑ «ኮኬኮኮ»። «ከ» በአራቱም አለች፤ በይበልጥ የሚለዋወጠው አናባቢው ነው።

የሚያምታታው የእኛ «አለ» ነው። በሩ «ኳ አለ» ስንል ድምፁን ቀድተናል፤ «አንኳኳ» እና «ኳኳታ» የወጡት ከዚያው ነው። ነገር ግን «አለ» የተከተለው ሁሉ የድምፅ ቅጂ አይደለም። «ብድግ አለ» እንቅስቃሴ ነው፤ «ዝም አለ» ደግሞ ጭራሽ ድምፅ ማጣት። ጃፓኖች ለጸጥታ እንኳ «ሺን» የሚል ድምፅ አበጅተውለታል።