የአየር ንብረት ፍትሕ ምንድን ነው? ከደቻቱ ዳር ሆኖ ሲታይ

ደቻቱን የማያውቅ እንግዳ ድሬዳዋ ቢመጣ ወንዝ መሆኑን ላያምን ይችላል። አብዛኛውን ዓመት የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚለይ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ አሸዋ ይዛቅበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን አፈናቀለ።

ያን ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም። የተራቆተው ተራራም፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የተሠራው ቤትም ድርሻ አላቸው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ግን 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ሲዘንብ ይብሳል። ሙቀቱን ያመጣው ማን ነው? አፍሪካ ከዓለም ሕዝብ አንድ አምስተኛ ገደማ ይኖርባታል፤ ከበካይ ጋዝ ልቀቱ ያላት ድርሻ ግን 4 በመቶ ገደማ ነው። የአየር ንብረት ፍትሕ የሚባለው እዚህ ላይ የሚነሳው የዕዳ ጥያቄ ነው፦ አንዱ ሲበለጽግበት የኖረውን ሌላው ለምን ይከፍላል? ርዳታ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ካሳ ግን የተጎጂው መብት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሀገኑ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው ሲደራደሩ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማቅረብ ቃል ገቡ። ገንዘቡ የሞላው በ2022 ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ብድር ነው። ጎርፍ የወሰደብህን ድልድይ ተበድረህ ሥራ እንደማለት ነው። በዚያው 2022 ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው ጉባኤ አገሮች ለደረሰ ጉዳትና ኪሳራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ።

ወጣቶቹስ? ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መፈክር ይዞ አደባባይ መውጣት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የፓስፊክ ደሴቶች ተማሪዎች ሥራ ነው። በ2019 ጥቂት የሕግ ተማሪዎች ተሰባስበው፣ የቫኑዋቱን መንግሥት አሳምነው፣ ጉዳዩን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኩል እስከ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 2025 ላይ አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው የምክር አስተያየት ሰጠ።

እኛ ጋ ወጣት ተደራጀ ሲባል ቲሸርት ይታደላል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ችግኙን አልንቅም፤ ከድሬዳዋ በላይ ያለው የደንገጎ ተራራ ዛፍ ያስፈልገዋል። ግን ችግኝ መትከል ብቻውን ፍትሕ መጠየቅ አይደለም። ከሰል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት "ደን ጨራሽ" እያሉ መገሠጽማ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ፍትሑ በአገር ውስጥም ይጠየቃል። ሐረርን ሲያጠጣ የኖረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ፣ ዋናው ምክንያት የፋብሪካ ጭስ አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ ውሃ መሳቡና ከተራራው የሚወርደው ደለል ናቸው ያደረቁት። ሞተር መግዛት የቻለ ሳበ፤ ያልቻለ ቆሞ አየ። በኋላ ሐይቁ መልሶ ውሃ ቢይዝም፣ ሐረር ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ውሃ እስከመጠበቅ ደርሳለች። ስለዚህ ቧንቧ በደረቀ ቁጥር "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" የሚል ኃላፊ ሲመጣ፣ የተደራጀ ወጣት ዝም ብሎ ራሱን መነቅነቅ የለበትም። ሰበቡ ለሁሉም ስለሚመች ነው የሚያስፈራኝ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 ኮፕ 32ን፣ ማለትም 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ አዲስ አበባ ላይ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ከድሬዳዋ የሚሄድ ወጣት ከመፈክር ይልቅ መዝገብ ይዞ ቢሄድ እመርጣለሁ፦ ጎርፉ የትኛውን ቀበሌ መታ፣ የመጋላ ነጋዴ ስንት ኩንታል እህል ረጠበበት፣ ከላይ ዝናብ ሲጥል ታች ላለው ማን ደወለ፣ ከወንዙ ዳር የተነሱት የት ሰፈሩ? ካሳ ሲጠየቅ ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም፤ ይህን ደግሞ ከከተማው ልጆች በላይ ቤት ለቤት ዞሮ ሊመዘግብ የሚችል የለም።