ከፊል ማደንዘዣ መድኃኒቶች እና ጡት ማጥባት

ከፊል ማደንዘዣ የሚባሉት ታካሚው ሳይተኛ፣ ሕክምናው የሚደረግበትን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ናቸው። በነርቭ ሽፋን ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች በመዝጋት የሕመም መልእክት ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያደርጋሉ። የምታጠባ እናት ጥርስ ስታስነቅል ወይም ቁስል ሲሰፋላት ከእነዚህ አንዱን ትወጋለች፤ ከዚያም አልፎ አልፎ «ለአንድ ቀን አታጥቢ፣ ወተቱን አልበሽ ድፊው» ትባላለች። በተለመደው መጠን ለተወጋች እናት ይህ ምክር በቂ መሠረት የለውም።

የዘርፉ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር ኮኬይንን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሲጠቀምበት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ሊዶኬይንን ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሠራው፤ በ1948 ለገበያ ቀረበ።

ስለ ጡት ወተት ከሁሉ የተሻለ መረጃ ያለው ለሊዶኬይን ነው። በ2001 በወጣ አንድ ጥናት 7 አጥቢ እናቶች ለጥርስ ሕክምና ከ3.6 እስከ 7.2 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ ሊዶኬይን ተወግተው ነበር። ከ3 ሰዓት በኋላ በወተታቸው ውስጥ በአማካይ በሊትር 120 ማይክሮግራም ገደማ ተገኘ፤ በ6ኛው ሰዓት ወደ 58 ወርዷል። ባለ 5 ኪሎ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢጠባና መጠኑ ቀኑን ሙሉ ባይቀንስ እንኳ የሚደርሰው 0.09 ሚሊግራም ነው፤ እናቱ ከተወጋችው አንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ግን 20 ሚሊግራም ነው። ከዚህም ላይ በአፍ የተወሰደ ሊዶኬይን አብዛኛው በጉበት ተሰባብሮ ስለሚያልቅ፣ በአዋቂ ሰው ወደ ደም የሚዘልቀው ሲሶው ያህል ብቻ ነው።

በወተትና በደም ውስጥ ባለው መጠን ንጽጽር ላይ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። በደም ሥር ሊዶኬይን በተሰጣት አንዲት እናት ላይ የተደረገ ምርመራ በወተቷ ውስጥ የደሟን 40 በመቶ ያህል አገኘ። በ1999 የወጣው፣ በኤፒዱራል (በጀርባ በኩል በአከርካሪ አካባቢ በሚወጋ) ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ 27 እናቶችን ያየው ጥናት ደግሞ ሁለቱን እኩል አካባቢ አደረጋቸው። ልዩነቱ ምናልባት ከአሰጣጡና ከወሊዱ ማግስት ወተት ጠባይ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በየትኛውም ስሌት ቢሆን ለሕፃኑ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዚያው ጥናት ቡፒቫኬይን የተባለው ሌላ ከፊል ማደንዘዣ በወተት ውስጥ የተገኘው በደም ውስጥ ካለው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር፤ ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከማደንዘዣው ጋር አንዳንዴ አብሮ የሚጨመረው አድሬናሊን በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ስለሚፈርስ አያሳስብም።

ኤፒዱራል ጡት ማስጀመርን ያዘገያል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ አብሮ የሚሰጠውን ፈንታኒል የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻና የምጡን ርዝመት ከማደንዘዣው ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው።

የማደንዘዣ ሙያ በዚህ ጉዳይ ከድሮው ጥንቃቄ ወደ ማስረጃ መሻገሩ የሚመሰገን ነው። የብሪታኒያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ እናት ነቅታ ልጇን መያዝ ስትችል ማጥባት እንደምትችልና ወተት መድፋት እንደማያስፈልግ አስፍሯል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂት ናቸው። ፕሪሎኬይንና ቤንዞኬይን የተባሉት ከፊል ማደንዘዣዎች የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም የሚቀንሰውን ሜትሄሞግሎቢኔሚያን ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የጨቅላ ሕፃን ቀይ የደም ሴል ይህን የሚያርመው ኢንዛይም ገና ስለማይበረታለት ከአዋቂው ይልቅ ይጋለጣል። ስለዚህ እነዚህን የያዘ ቅባት በጡት ጫፍ ላይ መቀባት አይገባም፤ ያኔ ሕፃኑ መድኃኒቱን የሚወስደው በወተት ተቀንሶ ሳይሆን በቀጥታ በአፉ ነው። ኮኬይን ደግሞ ለምታጠባ እናት ጨርሶ አይሰጥም።