ኦክላሆማ፦ የአየር ጠባይ ጽንፎችና የነዋሪዎቿ አኗኗር

ኦክላሆማ በአሜሪካ ደቡባዊ ሜዳ ላይ የምትገኝና በ1907 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 46ኛዋ ግዛት ሆና ኅብረቱን የተቀላቀለች ስትሆን፣ የአየር ጠባይዋ ከወቅት ወደ ወቅት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቀን ውስጥም ፈጽሞ ሊገለባበጥ ይችላል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከደቡብ ምዕራቡ ደጋ የሚመጣው ደረቅ አየርና ከሰሜን የሚወርደው ብርድ የሚጋጠሙት በዚህ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚቆም ትልቅ ተራራ የለም። ምድሪቱ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ካለው የብላክ ሜሳ 1,516 ሜትር ከፍታ ተነሥታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያዘቀዘቀች ትሄዳለች። ዝናቡም እንዲሁ በምዕራቡ ጫፍ በዓመት 430 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ከ1,400 ሚሊ ሜትር አያንስም።

በኖቬምበር 11 ቀን 1911 በኦክላሆማ ሲቲ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው ሙቀት እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከዜሮ በታች ወደ 8 ዲግሪ ወርዷል፤ ለዚያ ዕለት የተያዙት የሙቀትም የቅዝቃዜም ክብረ ወሰኖች ሁለቱም የዚያው ቀን ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2011፣ ኖዋታ በተባለች ከተማ የሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ካሳየ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ 26 ዲግሪ ላይ ደርሷል።

ሜዳውን ቀድመው የኖሩበት የካዮዋ ሕዝቦች ማዕበሉን የፈረስ መልክ ያለው መንፈስ አድርገው ይተርኩ ነበር። ግዛቲቱ ከመመሥረቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም በ1905 ስናይደር የምትባል ትንሽ ከተማ በአውሎ ነፋስ ወድማ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ድርቁና የአቧራው ዘመን ብዙ ተጽፎበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ለዘመናት በሣር ሥር የተያዘው አፈር በስፋት ታረሰ፤ በ1930ዎቹ ዝናብ ሲጠፋም አፈሩ ከነፋሱ ጋር ተነሣ። ጥፋቱ የድርቁ ነው ወይስ የአራሹ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ ሆኖም ሣሩ ባይገለበጥ ኖሮ ድርቁ ብቻውን ያንን ሁሉ አቧራ ባላስነሣ ነበር ማለት የሚቻል ይመስላል። ኤፕሪል 14 ቀን 1935፣ «ጥቁር እሑድ» በተባለው ዕለት፣ በምዕራቡ ጠባብ ክልል ቀኑ ጨለመ። ከግዛቲቱ ተሰድዶ ወደ ካሊፎርኒያ የሄደው ሕዝብ ሁሉ አቧራ ያፈናቀለው ነው የሚለው የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ ከስደተኞቹ ብዙዎቹ አቧራው ካልደረሰበት ከምሥራቁ የጥጥ አገር የተነሡ ጭሰኞች ነበሩ።

ከዚያ ዘመን የተረፈው ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ነፋስ ለመከላከል በመላው ሜዳ የተዘረጋው የዛፍ ረድፍ የመጀመሪያው ችግኝ የተተከለው በ1935 በዚህችው ግዛት ነው። በ1948 ደግሞ በዋሺታ ወንዝ ተፋሰስ፣ ኮርደል አጠገብ፣ ጎርፍን ከምንጩ የሚይዝ የአገሪቱ የመጀመሪያ ትንሽ የተፋሰስ ግድብ ተሠራ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ግድቦች በግዛቲቱ ከ2,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከመንገድ ሲታዩ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ስለሚመስሉ ጥቂት ሰው ብቻ ያስተውላቸዋል።

የኦክላሆማ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው ቶርኔዶ ከተባለው ጠምዛዛ አውሎ ነፋስ ጋር ነው። በዓመት በአማካይ ከ50 በላይ የሚመዘገቡ ሲሆን፣ ሜይ ዋነኛው ወር ነው። በኤፕሪል 9 ቀን 1947 ምሽት ውድዋርድ ከተማን የመታው አውሎ ነፋስ በከተማዋ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ነበር የደረሰው። በዚያ ጊዜ የአገሪቱ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ይደናገጣል በሚል ሥጋት «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል በትንበያ ውስጥ ማስገባትን አይደግፍም ነበር። ይህን ልማድ የሰበሩት ሁለት የጦር ሠራዊት መኮንኖች ናቸው። ማርች 20 ቀን 1948 የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር በአውሎ ነፋስ ተመትቶ በርካታ አውሮፕላኖች ከተሰባበሩ በኋላ፣ አለቃቸው ነገሩን እንዲያጠኑ ሻለቃ ኤርነስት ፎቡሽንና ሻምበል ሮበርት ሚለርን አዘዘ። በአምስተኛው ቀን የአየሩ ሁኔታ ያንኑ መልክ ሲይዝ ሁለቱ ትንበያ አወጡ፤ አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ ምሽት ላይም አውሎ ነፋሱ በእርግጥ መጥቶ ያንኑ ሰፈር መታ። አንድ ቦታ በአምስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መመታቱ የአጋጣሚ ነገር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መተንበይ ይቻላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1964 በኖርማን ከተማ ብሔራዊው የከባድ ማዕበል ምርምር ቤተ ሙከራ በኤድዊን ኬስለር መሪነት ተቋቋመ። ሜይ 24 ቀን 1973 ዩኒየን ሲቲን የመታው አውሎ ነፋስ ከመወለዱ እስከ መክሰሙ የነፋስን እንቅስቃሴ በሚለካው በዶፕለር ራዳር ሲመዘገብ፣ በምድር ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በካሜራ ተከታተሉት። ራዳሩ ጠምዛዛው ነፋስ መሬት ከመንካቱ በፊት በደመናው ውስጥ ሽክርክሪቱን ማየት እንደሚችል ስለ ተረጋገጠም፣ በ1990ዎቹ መላው አገሪቱ በዶፕለር ራዳር መረብ ተሸፈነ። ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚወጣው የአውሎ ነፋስ ክትትል ማሳሰቢያ የሚነሣው ከኖርማን ነው።

ከዚህ ያልተናነሰ ክብር የሚገባው፣ ከግዛቲቱ ውጭ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣው፣ ኦክላሆማ ሜዞኔት የተባለው የመለኪያ ጣቢያዎች መረብ ነው። በጃንዋሪ 1994 ሥራ የጀመረው በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲና በስቲልዋተር ባለው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲሆን፣ በ77ቱም አውራጃዎች ቢያንስ አንድ ጣቢያ አለው። የአሥር ሜትር ምሰሶዎቹ የነፋሱን፣ የዝናቡንና የአፈሩን ሁኔታ በየአምስት ደቂቃው ያስተላልፋሉ። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ስንዴውን ዘርቶ በክረምት ከብቱን የሚያግድበት ገበሬ ከብቱን ከማሳው መቼ ማስወጣት እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ መረጃ ነው፤ አዝመራው የሚሰበሰበው በረዶና ማዕበል በሚበዛበት ሰሞን በመሆኑ አንድ ቀን መዘግየት ማሳውን ሊያሳጣው ይችላል። የስቲልዋተሩ ተቋም በቀድሞ ስሙ የዛሬውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ ሲመሠረት ያገዘ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በ1954 እዚያ ድረስ ሄደው ጎብኝተውታል። ገበሬውን ከምርምር ጋር የማገናኘት ልማዱ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ከዚህም ይታያል።

ሜይ 3 ቀን 1999 ብሪጅ ክሪክንና ሙርን የመታው አውሎ ነፋስ 36 ሰዎችን ገድሏል። በተሽከርካሪ ላይ የተጫነ ራዳር በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ነፋስ ለክቶ የነበረ ሲሆን፣ ትክክለኛው አኃዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ተከልሷል። ሙር በሜይ 20 ቀን 2013 ዳግመኛ ስትመታ ከሞቱት 24 ሰዎች ሰባቱ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ አዲስ ቤት ሁሉ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ እንዲቋቋም የሚያስገድድ የግንባታ ደንብ አጸደቀች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋም ሆነች። በየትምህርት ቤቱ መጠለያ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን ከገንዘቡ ምንጭ ጋር ተያይዞ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል።

አብዛኛው ቤት ምድር ቤት የለውም። ቀዩ ሸክላ አፈር ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ነው ይባላል፤ ወጪውም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በምትኩ ብዙዎች በመኪና ማቆሚያው ወለል ውስጥ የብረት ሣጥን ያስቀብራሉ። ክዳኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ የሚከፈት በመሆኑ መኪናው ከላዩ እንደቆመም መግባት ይቻላል፤ ውስጡ ጠባብ ደረጃና ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት አግዳሚዎች አሉት፤ ውኃ፣ ባትሪ፣ ጫማና የብስክሌት ቆብ በዚያ ይቀመጣሉ። ፍርስራሽ ክዳኑን ቢጫነው ፈላጊ እንዲያገኛቸው ብዙዎች ቦታውን በከተማው መዝገብ ያስመዘግባሉ። በኦክላሆማ ሲቲ ሰማዩ ጥርት ያለ ቅዳሜ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ይጮኻል፤ ፍተሻ በመሆኑም የሚደናገጥ የለም።

ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ያድናል ማለት ግን አይደለም። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ አጠገብ የተነሣው አውሎ ነፋስ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው። ከ11 ቀን በፊት ሙር የሆነችውን ያየ ብዙ ሕዝብ በመኪና ለመሸሽ ሲሞክር አውራ ጎዳናዎች ተዘጉ፤ በዚያው ሌሊት በጎርፍ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች ውኃ ወስዷቸዋል። አውሎ ነፋሱ በራዳር የተለካው ፍጥነቱ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ፣ ደረጃው በጉዳት ብቻ የሚወሰን በመሆኑ፣ ከ0 እስከ 5 በሚሄደው የቶርኔዶ መመዘኛ ኢኤፍ3 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ውሳኔው ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

በጎርፍ በኩል ቱልሳ ትጠቀሳለች፤ በሜይ 1984 14 ሰዎች ከሞቱባት በኋላ በወንዝ ዳር የነበሩ ቤቶችን እየገዛች ቦታውን ለውኃ ለቀቀች።

ሙቀት በአሜሪካ ከአውሎ ነፋስ የበለጠ ሰው ይገድላል፤ ወሬው ግን ያነሰ ነው። በ2011 ኦክላሆማ ሲቲ 63 ቀናት ከ37.8 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት አሳልፋለች። ከዚያ ሙቀት ጋር የነበረው ድርቅ የለቀቀው በሜይ 2015 ነው፤ በአንድ ወር በግዛቲቱ በአማካይ 367 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ።

በክረምት የሚፈራው ጠብታው እንደወደቀ ወደ በረዶ የሚለወጠው ዝናብ ነው። በዲሴምበር 2007 ቅርንጫፎች በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እየተሰበሩ ከ600,000 በላይ ደንበኞች ብርሃን አጡ። ሽቦውን ከመሬት በታች የመቅበር ሐሳብ ተጠንቶ ከወጪው ብዛት የተነሣ ስላልተገፋበት፣ ኩባንያዎቹ በሽቦ አጠገብ ያሉ ዛፎችን መከርከም ላይ አተኮሩ። በኦክቶበር 2020 መጨረሻ ግን በረዶው የመጣው ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሳያራግፉ ነበር፤ ቅጠሉ የተሸከመው ክብደትም የተከረከሙትን ጭምር ሰብሮ ብዙ ቤቶችን ለቀናት ያለ መብራት አስቀርቷል።