ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የግንቦት 11ዱ የቅዱስ ያሬድ በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። እዚሁ ጅማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ደብር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የያሬድን ታሪክ በትርኢት አቀረቡ። አንዱ ልጅ ያሬድን ሆነ። አንዲት ትንሽዬ ልጅ ዛፍ ለመውጣት የምትታገለውን ትል ሆና ተሳበች፤ ወደቀች፣ ተነሣች። ምእመናኑ እልል አሉ። እኔም እንባዬ መጣ። ዛፉ ግን የፕላስቲክ ቅጠል የተንጠለጠለበት እንጨት ነበር። ከድንኳኑ ጎን በዐቢይ ጾም የተቆረጠው የትልቁ የዋንዛ ዛፍ ጉቶ አለ። ድምፅ ማጉያው ጉቶው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ያ ዋንዛ የተቆረጠው ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ጠበበ ተብሎ ነው። ከሥሩ አረጋውያን ያርፉበት ነበር። ነጭ አበባው የፈነዳ ሰሞን የንቡ ድምፅ ቅዳሴ መሐል ይሰማ ነበር።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብላቴናው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን ገርፈውት፣ ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ተጠለለ። አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ደጋግማ ስትወድቅና ስትነሣ፣ በመጨረሻም ወጥታ ስትበላ አየ። ልቡ ተነካና ወደ መምህሩ ተመለሰ። በኋላም ከኤደን ገነት ሦስት አእዋፍ ተልከውለት ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ፤ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ ይዞልን መጣ። እስኪ ቆም ብላችሁ አስቡት። እግዚአብሔር ያን ቀን መልአክ መላክ ይችል ነበር። ትል ላከ። መምህር ያቃተውን ዛፍና ትል አስተማሩት። በዚያ መንገድ ዳር ያ ዛፍ ባይኖር ኖሮ እኮ ያሬድ የት ይቀመጥ ነበር?

አሁን ወደምወዳት ቃል ልምጣ። ዘፍጥረት 2፥15 እንዲህ ይላል፦ «እግዚአብሔር አምላክም ሰውን ወስዶ ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ በዔድን ገነት አኖረው።»

ያበጃት። ይህች ቃል በእኛ አማርኛ እንዴት ሰፊ ናት! አናጢ በር ያበጃል። ገበሬ መሬቱን አበጅቶ ይዘራል። እናት ቤቷን ታበጃለች። ልጅ መልካም ሲሠራ «አበጀህ!» እንለዋለን። ጨንቆን ስንጸልይም «የሚበጀኝን አንተ ታውቃለህ» እንላለን። እርሻው፣ እደ ጥበቡ፣ ምርቃቱና ጸሎቱ በአንዲት ቃል ገብተዋል። አዳም የታዘዘው ይህን ሁሉ ነው። ደግሞ የታዘዘው ከመውደቁ በፊት ነው። ቅጣት ሆኖ አልመጣበትም፤ ገና በክብር ሳለ የተሰጠው አገልግሎት ነው።

ጅማ ያደገ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ አስቡት። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ጎረቤታችን አንድ አዛውንት የዚህ ሥራ ባለሙያ ናቸው። ሙስሊም ናቸው። ግንዱን ከመምታታቸው በፊት ዙሪያውን ያዩታል፣ በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ከበርጩማው የተረፈው ማንኪያ ይሆናል፤ ከማንኪያው የተረፈው ምድጃ ይገባል። «አባ፣ ምነው ዘገዩ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ልጄ፣ ይሄ እንጨት በዕድሜ ይበልጠኛል» አሉኝ። ከዚያ ቢስሚላሂ ብለው ጀመሩ። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ አፈርኩ። ያን ዋንዛ ስንጥል በስመ አብ ያለ ሰው አልነበረም።

እስኪ ቅኔ ማኅሌት ግቡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከበሮው እንጨትና ቆዳ ነው። መቋሚያው እንጨት ነው። የያሬድ የዜማ መጽሐፍ ድጓው የተጻፈበት ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ገበታው እንጨት ነው። ጧፉ የንብ ሰም ነው፤ ዕጣኑ የዛፍ እንባ ነው። አባቶቻችን ፍጥረትን ይዘው ነው እግዚአብሔር ፊት የቆሙት። ዘመኑን ራሱ የሰፈሩት በዝናቡና በአበባው ነው። ሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ይገባል፤ ስለ ዘርና ስለ ደመና እንዘምራለን። ነሐሴ ላይ እጓለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ፈጣሪ ለሚጮኹ የቁራ ጫጩቶች ጊዜ መድባ ትዘምራለች። እኛ ደግሞ ጎጆአቸው ያለበትን ዛፍ ቆርጠን ያንኑ ዜማ በድምፅ ማጉያ እንለቃለን። ይህ ያመኛል።

አንድ ወንድም «ችግኝ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ ነፍስ እናድን» አለኝ። ወንድሜ ሆይ፣ አትቀየመኝ። በበዓል ማግስት የውኃ ፕላስቲኩን ማን ጣለው? ነጠላ የለበስን እኛ ነን። ዝናብ ሲመጣ ጠርጎ አዌቱ ወንዝ ይከተዋል። ከወንዙ በታች የሚኖር ሰው ያን ውኃ ለከብቱም ለልብሱም ይፈልገዋል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የተባለው እዚያ ጋ አይሠራም እንዴ? ለአዳም የተሰጠችው የመጀመሪያዋ ትእዛዝም ጾም ናት፤ ከአንድ ዛፍ እጅህን ሰብስብ የምትል። ሥጋና ወተት ትተን በዛፍና በውኃ ላይ እጃችን ካልተሰበሰበ ጾማችን ጎዶሎ ነው።

በሰሜን፣ በደቡብ ጎንደር፣ ሜዳው ተራቁቶ አገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ካያችሁ እዚያ ታቦት አለ ማለት ነው። እኛ በጫካ አገር ስለምንኖር የማያልቅ መስሎን ነው መሰለኝ። ቡናችን እንኳ የሚያድገው በዋንዛው፣ በሳሳውና በብርብራው ጥላ ሥር መሆኑን እያወቅን።

እናንተ ወጣቶች፣ ከበዓል በኋላ ከረጢት ይዛችሁ ቆሻሻ ስትለቅሙ «ማኅሌት ሳይቆሙ ጽዳት ላይ» ተብላችሁ እንደተሳቀባችሁ ሰምቻለሁ። አትዘኑ። እናንተ ያን ቀን አበጃችሁ፤ ጠበቃችሁም። ያቺ ትል ስትወድቅ አይቶ ያልናቃት አምላክ የእናንተንም አጎንብሶ መልቀም ያያል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጉቶው ሄድኩ። ድምፅ ማጉያው ተነሥቷል። ዝናቡ ስለገባ በጎኑ በኩል አቆጥቁጧል፤ ቅጠሉ ገና ለጋ ነው። ፍየል ካገኘው አንድ ቀን አያድርም። የደብሩን አለቃ ለምኜ እንድናጥረው ፈቅደውልናል። ቅዳሜ ጠዋት ከኪዳን በኋላ እንገናኝ። ችካል ያለው ችካል፣ እሾህ ያለው እሾህ ይዞ ይምጣ። ትሏን የሆነችው ልጅም እናቷን አስፈቅጃለሁ፤ ትመጣለች።