«ክሊኒካል ሱፐርቪዥን» ቁጥጥር አይደለም

ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው «ነገ ሱፐርቪዥን አለ» ሲባል ምን እንደሚከተል ያውቃል። መዝገብ ይስተካከላል፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ ከዞን የመጣ ቡድን ቼክሊስት ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ገና ተመርቃ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ በአእምሮ ሕክምና የተመደበች ነርስ «ክሊኒካል ሱፐርቪዥን አለሽ» ስትባል ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር በቋሚ ሰዓት ቁጭ ብሎ ስለ ሥራው መነጋገር ነው። ነጥብ አይሰጥበትም። የተነገረው እዚያው ይቀራል፤ የሰው ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ለሚመለከተው ይነገራል።

እንዲህ አስቡት። ታካሚው ኪኒኑን «መርዝ ነው» ብሎ ተፋው። አስታማሚ እናቱ «ጸበል ይሻለዋል» አሉ። ሲስተሯ ተከራከረች፣ ልጁ ጮኸባት፣ ማታ እንቅልፍ አጣች። በውይይቱ ላይ «ለምን አላስዋጥሽውም?» አትባልም። «ሲጮህብሽ ምን ተሰማሽ? ጸበሉም ኪኒኑም አብረው እንደሚሄዱ ለእናትየው ነገርሻቸው?» ትባላለች። እኔ ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ከፕሪሴፕተርም ጋር አይምታታ። ፕሪሴፕተር በመጀመሪያዎቹ ወራት አጠገብሽ ቆሞ ሥራውን የሚያሳይሽ ነው። ሱፐርቪዥኑ ግን ዓመታት ብትሠሪም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤምኤችጋፕ የተባለው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ማስፋፊያ ፕሮግራምም ከሥልጠና በኋላ እንዲህ ያለ ድጋፍ እንዲኖር ይጠይቃል።

ክፍልሽ ውስጥ ከሌለ ቆየት ያለችውን ሲስተር በሳምንት አንድ ሰዓት ስጪኝ በያት።