የተፈጨ ሥጋ ላይ የተጻፈው «20 ከመቶ ስብ» ምንድን ነው?

አሜሪካ ሱፐርማርኬት ገብቶ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ያነሳ ሰው 80/20 ወይም 93/7 የሚል ጽሑፍ ያውቃል። ሁለተኛው ቁጥር ስቡ ነው፣ በክብደት። 80/20 ከሆነ ከአንዱ ኪሎ 200 ግራሙ ስብ ነው። በአገሩ ደንብ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከ30 ከመቶ በላይ ስብ ሊኖረው አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት ለንጹሕ የበሬ ሥጋ 20 ከመቶ ላይ ያቆማል። ስቡ የቀነሰ ተብሎ ለሚሸጠው ደግሞ 7።

ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ስቡን ለመመዘን መጀመሪያ ከሥጋው ማውጣት ያስፈልጋል። እንዴት እንደወጣ ደግሞ መልሱን ይለውጠዋል።

ስመ ጥሩው ዘዴ ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት የተባለ ኬሚስት በ1879 እ.ኤ.አ. ለወተት ስብ ያወጣው ነው። ሥጋው መጀመሪያ ይደርቃል፤ ውሃ ካለው ስቡን የሚያሟሟው ፈሳሽ በደንብ ዘልቆ አይገባም። ከዚያ ከታች ስቡን የሚያሟሟው ፈሳሽ፣ ሄክሴን ወይም ፔትሮሊየም ኢተር፣ ይፈላል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቀሪው አይከብደውም፦ ተኑ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ግን ሥጋው ላይ ነው። ስቡን አሟሙቶ ሲሞላ በራሱ ወደ ታች ይፈሳል፤ እንደገና ይፈላል። ይህ ለሰዓታት ይቀጥላል። በመጨረሻ ፈሳሹ ይተናል፣ የቀረው ይመዘናል።

ጉድለት አለው። ጮማውን አሳምሮ ያወጣል፤ በጡንቻው ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ያሉትን ፎስፎሊፒድ የሚባሉ የስብ ዓይነቶች ግን በደንብ አያገኛቸውም። ስለዚህ ሥጋውን አስቀድሞ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማፍላት መጣ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ ኤስ ኦ) መለኪያዎችም ሁለቱን ለይተዋል፦ ቁጥር 1444 «ነፃ ስብ»፣ ቁጥር 1443 ከአሲድ በኋላ የሚገኘው «ጠቅላላ ስብ»። የ1957ቱ የፎልች ዘዴ ደግሞ በክሎሮፎርምና ሜታኖል ድብልቅ ያለ ማፍላት ፎስፎሊፒዶቹን ያወጣል። በ1959 ብላይና ዳየር ለዓሣ ያሳጠሩት ዘዴ ይፈጥናል፤ ስብ የበዛበት ናሙና ላይ ግን አሳንሶ ያነባል። ክሎሮፎርሙም ለጤና ጥሩ አይደለም።

ልዩነቱ ያን ያህል ነው ወይ? እንደ ሥጋው ነው። ፎስፎሊፒዱ በ100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ገደማ ቢሆን ነው። 80/20 ላይ ማንም ልብ አይለውም። ስቡ 2 ከመቶ ብቻ በሆነ ቀይ ሥጋ ላይ ግን ሲሶው ወይም ግማሹ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ «ስቡ ስንት ነው?» ከማለት በፊት በየትኛው ዘዴ እንደተለካ መጠየቅ የሚያዋጣው ቀዩ ሥጋ ላይ ነው።

ፋብሪካ ሰዓታት አይጠብቅም። ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚጠቀም መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ያነባል። ግን ራሱ አያውቅም፤ በቀርፋፋዎቹ ዘዴዎች ውጤት የተማረ ነው። በበሬ ሥጋ ብቻ ተምሮ የአሳማ ቢሰጡት ሊስት ይችላል።

ቤት ውስጥ ጠብሶ የወረደውን ዘይት መመዘንስ? አይሆንም። ከፊሉ ስብ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ክብደቱ የቀነሰውም በአብዛኛው ውሃ ስለወጣ ነው፤ ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው።

ደግሞ ከሁሉም መሣሪያ በላይ የሚያጣላው ናሙናው ነው። ስብ በሥጋው ውስጥ እኩል አይበተንም። አንዷ ማንኪያ ጮማ፣ ሌላዋ ቀይ ብታነሳ ውዱ መሣሪያ አያድንም። ስለዚህ ከብዙ ቦታ ይወሰዳል፣ እንደገና ይፈጫል፣ በደንብ ይቀላቀላል።

ክትፎ ላቦራቶሪ ቢገባ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሥጋው ቀይ ነው፤ ስቡን ያመጣው ንጥር ቅቤው ነው። ሶክስሌት ሁለቱን አይለይም፣ ድምሩን ብቻ ይሰጣል። ለመለየት የስብ አሲዶቹን አንድ በአንድ የሚያሳይ የጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቡቲሪክ አሲድ ከታየ የቅቤው ነው፤ በበሬ ሞራ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።