«ጥንታዊ ደን» ምንድን ነው? መጥረቢያ ያቆየው ጫካ

«ጥንታዊ ደን» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መጥረቢያ ነክቶት የማያውቅ ጫካ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ቢያንስ ከ1600 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ የቆየ ቦታ ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ መነሻው 1750 ነው። የሚቆጠረው የቦታው ዕድሜ እንጂ የዛፉ አይደለም። ዛፉ የ40 ዓመት ጎረምሳ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ ግን ለዘመናት አልታረሰም። 1600 የተመረጠው ከዚያ በፊት ደን መትከል እምብዛም ስላልተለመደ ነው። ያኔ ደን የነበረ ቦታ ቀድሞም ደን ሳይሆን አይቀርም።

አበባም ይመሰክራል። በጸደይ መሬቱን የምትሸፍን፣ ደወል የመሰለች ሰማያዊ አበባ አለች። የምትስፋፋው በጣም በዝግታ ስለሆነ፣ በብዛት ከታየች ደኑ የቆየ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ናት።

አሁን ወደ ዋይ ወንዝ እንሂድ። ቲንተርን የምትባል የዌልስ መንደር ላይ አንጊዲ የሚባል ጅረት ይቀላቀለዋል። ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ከወፍና ከውሃ ድምፅ ሌላ እምብዛም አይሰማም። ይህ ጸጥታ ግን አዲስ ነው። እዚህ በ1566 የብረት ሽቦ ማምረት ተጀመረ። ከሽቦው የሱፍ ማበጠሪያ ጥርስ ይሠራ ነበር። ጅረቱ እየተገደበ መዘውር ያዞራል፤ የማቅለጫው ወናፍም የሚነፋው በውሃ ኃይል ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ እሳት የሚቀልበው ደን እንዴት ተረፈ? እኔን የሚደንቀኝ ይኼ ነው። የተረፈው ስለሚቆረጥ ነው! እሳቱ ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰሉ ደግሞ በየዓመቱ መገኘት አለበት። ስለዚህ ደኑን በክፍል በክፍል ከፋፍለው በተራ ይቆርጡታል። ዛፉ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ቡቃያውን ከብት እንዳይበላው ይታጠራል፣ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሰው ይቆርጡታል። ባሕር ዛፍ ያለው የኛ አገር ገበሬ ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ደኑ ገቢ እስካስገኘ ድረስ መንጥሮ የሚያርሰው የለም።

እንዲህ ያለ ደን ውስጥ ስትሄዱ ዓይናችሁን ወደ መሬት ጣሉ። ተዳፋቱ ላይ ክብ ሆኖ የተደለደለ ቦታ ካያችሁ፣ አፈሩን በእንጨት ጫር አድርጉት። ጥቁር ከሆነና የከሰል ስብርባሪ ከወጣው፣ እንጨቱ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ይከስል የነበረው እዚያው ነው። ጅረቱ ዳር ደግሞ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይገኛል፤ ብረት ሲቀልጥ የቀረ ዝቃጭ ነው።

በ1709 አብርሃም ዳርቢ የሚባል ብረት አቅላጭ ኮልብሩክዴል በምትባል የእንግሊዝ መንደር ብረትን ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ኮክ ማቅለጥ ቻለ። ቀስ በቀስም የእንጨት ከሰል ፈላጊው አነሰ። ዛሬ ከአንድ አሮጌ ጉቶ አራት አምስት ወፋፍራም ግንድ ወጥቶ ካያችሁ፣ ተራው ደርሶ ሳይቆረጥ የቀረ ዛፍ ነው። ከሰል አክሳዩ አልተመለሰም።